በእጅ የሚቆለፍ የፊት ሃብ አገጣጠም፦ ከመፍታት እስከ ሙከራ

ክረምት ሊገባ ሲል ጋራዥ የሚመጡት መኪኖች ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ባለቤቱ አዲስ ሃብ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ከሚነዳው ዘንግ ጋር በእጅ የሚያያይዝና የሚለያይ ቁልፍ፣ ገዝቶ አስገጥሟል፤ አስፋልት ላይ ሁሉም ደህና ነበር። ከደሴ ወጥቶ የገጠሩን መንገድ እንደያዘ ዋልካው ጎማውን ሲጨብጠው ወርዶ ሃቡን ይቆልፋል፣ ትንሿን ማርሽ (ሁለት ወይም አራት ጎማ የሚመረጥባትን) ወደ አራት ጎማ ያስገባል፤ የሚሽከረከሩት ግን የኋላዎቹ ጎማዎች ብቻ ናቸው። «ሃቡ የማይረባ ነው» ብሎ ለሌላ ግዢ ይነሣል። ፈትቼ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ጤነኛ ነው። የተበላሸው ገጠማው ነው፤ ሃቡ ውስጥ ግሪስ ታጭቋል፣ ወይም ክዳኑ ሲዘጋ ማዞሪያው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነበር፣ ወይም ዘንጉ ወደ ውስጥ እንዳይሸሽ የሚይዘው ማገጃ ቀለበት ሳይገባ ቀርቷል። ሦስቱም በትዕግሥት የሚታለፉ ስሕተቶች ስለሆኑ ደረጃዎቹን ሳይዘሉ ይሂዱ።

መመሪያው የሚሠራው ደረቅ የፊት አክስል (ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ የሆነ) ላላቸው፣ ሃባቸው በስድስት ብሎን ለሚታሰር መኪኖች ነው። የላንድክሩዘር 70 ተከታታይና የቆዩ ሃይሉክሶች ከነዚህ ውስጥ ናቸው። የሌላ ፋብሪካ መኪና ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይቀራረባል፤ ቁጥሮቹን ግን ከመኪናው መጽሐፍ ይውሰዱ።

በመጀመሪያ፦ መኪናዎ ይህን ሃብ ይቀበላል?

ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ መካከለኛ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍል) ያለው መኪና ላይ ይህን ሃብ ብቻውን አይግጠሙ። የፊት ሃቦቹ ነጻ ሲሆኑ ጉልበቱ ሁሉ ወደማይሸከመው ወደ ፊት ይሸሻል፤ መካከለኛው ዲፈረንሻል ካልተቆለፈ መኪናው ቆሞ ይቀራል፣ ዲፈረንሻሉም ይጎዳል። ትንሿ ማርሽ ላይ «ኤች ሁለት» የሚል ቦታ ካለ መኪናው በሁለት ጎማ መሄድ ይችላልና ይቀጥሉ። ከሌለ እዚህ ላይ ያቁሙና ለዚያ ዓይነት መኪና የተዘጋጀ መለወጫ መኖሩን ይጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ከመግዛትዎ በፊት ቆጥረውና ለክተው ይሂዱ

መለዋወጫ ሱቅ ገብተው «የላንድክሩዘር ሃብ» ብቻ ብለው አይጠይቁ። በአንድ ስም የሚጠራ መኪና የተለያየ ዘንግ ይዞ ይመጣል። የአንዱን ጎን ክዳን ፈትተው የሚከተሉትን በወረቀት ይያዙ።

ሀ) የዘንጉ ጫፍ ላይ ያሉትን ጥርሶች ይቁጠሩ። አንዱን ጥርስ በኖራ ምልክት አድርገው ይጀምሩ፤ አለበለዚያ መጀመሪያውና መጨረሻው ይጠፋል።

ለ) የዘንጉ ጫፍ ላይ ቀለበት የሚቀመጥበት ቦይ መኖሩን ይዩ። አንዳንዱ መኪና በቀለበት ፋንታ ጫፉ ላይ ሮንዴላ ያለው ብሎን አለው።

ሐ) ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት፣ ከጎማው ጋር ከሚዞረው አካል) ወጣ ያሉትን ስድስት ብሎኖች ውፍረትና ርዝመት ይለኩ። ቀድሞ በሃብ ፋንታ ድፍን ፍላንጅ (ዘንጉንና ጎማውን ሁልጊዜ የሚያያይዝ ክዳን) የነበረበት መኪና ላይ ይህ ወሳኝ ነው፤ የሃቡ አካልና የፍላንጁ ውፍረት ካልተመሳሰለ ዳዶው በሁለትና ሦስት ጥርስ ብቻ ይያዛል። ዳዶው ሙሉ በሙሉ ገብቶ የብሎኑ ጫፍ ጥቂት ብቅ ማለት አለበት።

ሲገዙ ሁለቱንም ጎን አንድ ዓይነት አድርገው ይግዙ። የግራው አዲስ፣ የቀኙ አሮጌ፣ አንደኛው ጠባብ ሌላኛው ሰፊ ማዞሪያ ያለው ሆኖ ሲመጣ የትኛው እንደተቆለፈ በጨለማና በጭቃ ውስጥ መለየት ይከብዳል። ከሃቡ ጋር ሁለት ሁለት ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ማሸጊያ)፣ አዲስ ማገጃ ቀለበትና ስድስት ስድስት ሾጣጣ ሮንዴላ መኖሩን ሱቁ ውስጥ ሳሉ ቆጥረው ይረከቡ። እዚያው ቆመው ማዞሪያውን ደጋግመው ያዙሩት፤ በጣት ጉልበት ከጫፍ እስከ ጫፍ የማይሄድ ከሆነ አይውሰዱት።

ደረጃ 2፦ ቦታና መሣሪያ

ደሴ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው። ቢሆንም ዳገት ላይ ክሪክ አያቁሙ። ከቤትዎ ደጅ ይልቅ ደልዳላ ግቢ ያለው ወዳጅ ጋር ይሂዱ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ትልልቅ ድንጋይ ያስገቡ። ለሙከራው ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከመሬት ይነሣሉና በክሪክ ብቻ አይመኑ፤ አክስሉን በሁለት የብረት ካቫሌቶ (መደገፊያ እግር) ላይ ያሳርፉ።

ያዘጋጁ፦ ቁጥር 10፣ 12 እና 14 ቡሾላ፤ ቀለበት መክፈቻ ፒንሳ፤ መዶሻና አንድ ቁራጭ የነሐስ ዘንግ፤ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት፤ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን፤ የሽቦ ብሩሽ፤ ጥቂት ናፍጣ፤ ንጹሕ ጨርቅ፤ ጥሩ የኩሽኔታ ግሪስ፤ ቢቻል የማጥበቂያ ጉልበት የሚለካ ቁልፍ። ሁለት ንጹሕ ሳሕንም ያስቀምጡ፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። የሁለቱ ጎን ዕቃ መደባለቅ የለበትም።

አቧራ በሚነፍስበት ሰዓት አይጀምሩ። ኮምቦልቻ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ክፍት ሃብ ውስጥ የሚገባው አሸዋ በኋላ ጥርሱን ይበላል። ጠዋት ይጨርሱ።

ደረጃ 3፦ አሮጌውን መፍታት

1. አሮጌ ሃብ ካለ ማዞሪያውን ወደ «ፍሪ» (ነጻ፤ ተቃራኒው «ሎክ»፣ የተቆለፈ ነው) ያዙሩ። ዙሪያውን ያለውን ጭቃ በብሩሽ ይጥረጉ፤ ከዚያ በፊት ምንም አይፍቱ።

2. የክዳኑን ስድስት ትንንሽ ብሎኖች በቁጥር 10 ይፍቱና ክዳኑን ወደ እርስዎ ይሳቡ። ድፍን ፍላንጅ ከሆነ መሐሉ ላይ ያለውን የግሪስ ቆብ ያውጡ።

3. በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን ማገጃ ቀለበት በፒንሳ ከፍተው ያውጡ። ፊትዎን ቀጥታ ከፊቱ አያድርጉ፤ ቀለበቱ ከፒንሳው ካመለጠ ይወነጨፋል። ጨርቅ ከላዩ ቢይዙ ይመረጣል።

4. ስድስቱን ዳዶዎች ያላሉ፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አያውጧቸው። የዳዶው ፊት ከብሎኑ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ብቻ ያምጡት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደርሰዋል። ከዳዶዎቹ በታች በጎናቸው የተሰነጠቁ ሾጣጣ ሮንዴላዎች አሉ። የሃቡን ጭነት የሚሸከሙት እነዚህ ናቸው፤ በብሎኑና በሃቡ አካል መካከል እንደ ውሻል ተጨብጠው ይቀመጣሉ። ዓመታት ሲያልፉ ጭራሽ ብረቱ የተዋሐደ ይመስላል። ስንጥቁ ውስጥ ካቻቪቴ ወይም መሮ ቀርቅሮ መምታት ፈጣን መንገድ ይመስላል፤ ሮንዴላው ይሰበራል፣ የሃቡ ቀዳዳ ይቧጨራል፣ ከዚያ በኋላ አዲሱም ሃብ በትክክል አይቀመጥም።

5. ዝገት ማላቀቂያ ዘይት በእያንዳንዱ ስንጥቅ ጠብ አድርገው አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ይተዉት። ከዚያም የነሐስ ዘንጉን በብሎኑ ጫፍና በዳዶው ፊት ላይ አሳርፈው አጭርና ደረቅ ምት ይምቱ። ዳዶው እዚያ የቀረው የብሎኑን ጥርስ እንዲጠብቅ ነው። ኃይለኛ አንድ ምት ከመስጠት በመካከለኛ ጉልበት ደጋግሞ መምታት ይሻላል፤ ሮንዴላውን የሚያላቅቀው ንዝረቱ ነው። ሲላቀቅ ድምፁ ይለወጣል፤ ድፍን የነበረው ምት ባዶ ነገር እንደመምታት ይሆናል፣ ሮንዴላውም በጥቂቱ ወደ ውጭ ብቅ ይላል።

6. ሁሉም ሲላቀቁ ዳዶዎቹንና ሮንዴላዎቹን አውጥተው ይቁጠሩ። ስድስት መሆን አለባቸው። አምስት ከሆኑ አንዱ ቀዳዳው ውስጥ ቀርቷልና ሃቡን በግድ አይጎትቱ።

7. የሃቡን አካል ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ያውጡ። ካልመጣ ጠርዙን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ይምቱ። በካቻቪቴ ፈልቅቀው ቢያወጡት ጓርኒሲዮኑ የሚያርፍበት ፊት ይጫጫራል፤ ክረምት ላይ ውኃ የሚገባው በዚያች ጭረት ነው።

ደረጃ 4፦ ከመግጠም በፊት የሚደረግ ምርመራ

አዲስ ሃብ የታመመ ሞዞን አያድንም። ጎማውን ከመሬት አንሥተው አንድ እጅ ከላይ አንድ እጅ ከታች ይዘው ያወዛውዙ። ከተንቀሳቀሰ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ አድርገው እንደገና ይሞክሩ። ፍሬኑ ሲረገጥ እንቅስቃሴው ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ መሪው የሚዞርበት የላይና የታች ኩሽኔታ ነው። የትኛውም ቢሆን መጀመሪያ እርሱን ያስተካክሉ። የጎማውን ኩሽኔታ የያዘው ትልቅ ዳዶ በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ ቁጥር 54 ቡሾላ ይፈልጋል። ቡሾላው ከሌለ ተውሰው ይምጡ እንጂ ዳዶውን በመሮና በመዶሻ አይዙሩት። በዚያ መንገድ የተዞረ ዳዶ ምን ያህል እንደጠበቀ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ቀጥሎ የወጣውን ግሪስ በጣትዎ ይዳስሱት። ወፍራምና ቅባታማ ከሆነ ደህና ነው። እንደ አጃ ሾርባ ቀጥኖ የዲፈረንሻል ዘይት የሚሸት ከሆነ በአክስሉ ውስጥ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ አልቋል። ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል። ሁለቱንም እንዳላዩ አድርገው ክዳን ቢዘጉባቸው በሁለት ወር ውስጥ ተመልሰው ይከፍቱታል።

ከዚህ በኋላ የሞዞውን ፊት፣ የስድስቱን ብሎኖች ጥርስና ግርጌ በናፍጣ ያጥቡ፣ የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ቅሪት ሳይቧጭሩ ያንሡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ። ሾጣጣ ሮንዴላዎቹ የሚቀመጡበት ቦታ ደረቅ መሆን አለበት። ብሎኖቹ በእጅ ሲነኩ የሚዞሩ ከሆነ ፈትተው አጽድተው መልሰው ያጥብቁ። የተዘረገፈ ጥርስ ያለው ብሎን ይለወጥ፤ ስድስት ለመሸከም የተሠራ ሃብ በአምስት አይሄድም።

ደረጃ 5፦ መግጠም

1. አዲሱን ጓርኒሲዮን በብሎኖቹ ላይ ያሳልፉ። ቀዳዳዎቹ በትክክል መገጠማቸውን ይዩ።

2. የዘንጉን ጥርስና የሃቡን የውስጥ ጥርስ ግሪስ ይቀቡ። *መቀባት* ነው ያልኩት። ግሪሱ በጣት ሲዳሰስ እንዲገኝ እንጂ የጥርሶቹን ጎድጓዳ እንዲሞላ አይደለም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የታጨቀ ግሪስ እንደ ሰም ይረጋል። በሃቡ ውስጥ የሚንሸራተተው ቀለበት በስስ ሞላ ነው የሚገፋው፤ የረጋ ግሪስ ከፊቱ ካገኘ ማዞሪያው «ሎክ» ላይ ሆኖ ቀለበቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ከላይ ስለነገርኳችሁ ዋልካ ላይ ስለቆመው መኪና አብዛኛው መልስ ይህ ነው። «ግሪስ ሲበዛ ይጠቅማል» የሚለው ልማድ ለኩሽኔታ እንጂ ለሃብ አይሠራም።

3. የሃቡን አካል በብሎኖቹ ላይ ያስገቡ። የዘንጉ ጥርስ ካልገጠመ በመዶሻ አይምቱ፤ ሃቡን በጥቂቱ እያዞሩ ይግፉት፣ ጥርስ ጥርሱን ሲያገኝ በራሱ ይገባል።

4. ሾጣጣ ሮንዴላዎቹን ቀጭን ጫፋቸው ወደ ውስጥ ሆኖ ያስገቡ፤ በላያቸው ሮንዴላና ዳዶ ያስከትሉ። ሁሉንም በእጅ ያጥብቁ።

5. በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በሦስት ዙር ያጥብቁ፤ አንዱን ካጠበቁ ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ ያለውን። ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን የመጨረሻው ጥብቀት 31 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ቁልፍ ከሌለ፣ 20 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 16 ኪሎ ገደማ የሚሆን ጉልበት ማለት ነው። ቱቦ ቀጥለው ከጎተቱ ብሎኑ ይበጠሳል። ሦስተኛውን ዙር ሲጨርሱ የመጀመሪያውን እንደገና ይሞክሩ፤ ሮንዴላው ወደ ቦታው ሲገባ ጥቂት ይላላል።

6. አሁን ማገጃ ቀለበቱ። ዘንጉ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ የቀለበቱ ቦይ ላይታይ ይችላል። ያዘጋጁትን ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን በዘንጉ ጫፍ ባለው ቀዳዳ በእጅ አስገብተው ወደ እርስዎ ይሳቡ። በሌላኛው እጅ ቀለበቱን በፒንሳ ከፍተው ቦዩ ውስጥ ያሳርፉ። ሲገባ «ቀጭ» ይላል። ድምፁ ግን ማረጋገጫ አይደለም። ቀለበቱን በካቻቪቴ ጫፍ ገፋ አድርገው ዙሪያውን ያሽከርክሩት፤ ያለችግር ከዞረ በሙሉ ቦዩ ውስጥ ነው፤ በአንድ በኩል ከተያዘ ግማሹ ውጭ ነው። ብሎኑን ማውጣት አይርሱ።

ይህችን ቀለበት አጥብቄ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንዱን ጎን ሳልፈትሽ ዘጋሁት። መኪናው ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ዘንጉ ወደ ውስጥ እየሸሸ የገዛ መቀመጫውን ፍቆት ነበር። ባለቤቱ ጋሽ እያልኩ የምጠራቸው አዛውንት ነበሩ፤ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ከዚያ ወዲህ ቀለበቱን ሳላሽከረክር ክዳን ዘግቼ አላውቅም።

7. ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት ማዞሪያውን ወደ «ፍሪ» ያዙሩ። «ሎክ» ላይ ሆኖ ከተዘጋ ውስጡ ያለው ሞላ ይጣመማል። ክዳኑን ገልብጠው ይመልከቱ፤ ከጠርዙ የወጡ ትንንሽ ጆሮዎች አሉ። የሃቡ አካል ውስጠኛ ዙሪያ ደግሞ ጥርስ የሌለባቸው ክፍት ቦታዎች አሉት። ጆሮዎቹ የሚገቡት በእነዚህ ክፍት ቦታዎች ነው። ጓርኒሲዮኑን አስቀምጠው ክዳኑን በእጅ ይጫኑ፤ ያለ ብሎን፣ በእጅ ግፊት ብቻ እኩል መቀመጥ አለበት። ክፍተት ከታየ ጆሮው ጥርስ ላይ ቆሟል፤ አውጥተው እንደገና ያስተካክሉ። ክፍተቱን በብሎን ጉልበት አይዝጉ።

8. ስድስቱን የክዳን ብሎኖች በመስቀል ወደ 10 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ይህ በጣም ትንሽ ጉልበት ነው፤ በዚያው 20 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ 5 ኪሎ ገደማ። የሃቡ አካል ስስ ብረት ስለሆነ ከዚህ በላይ ቢጠብቅ ጥርሱ ተመዝዞ ይወጣል።

ደረጃ 6፦ ሙከራ፣ ከግቢ ሳይወጡ

ሁለቱ የፊት ጎማዎች በካቫሌቶ ላይ እንደተነሡ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ትንሿን ማርሽ «ኤች አራት» ዋናውን ማርሽ አንደኛ ላይ ያድርጉ።

ሁለቱም ሃብ «ፍሪ» ሲሆን፦ አንዱን ጎማ በእጅ ያዙሩ። ቀለል ብሎ መዞር አለበት፤ ሌላኛው ጎማ ንቅንቅ አይልም።

ሁለቱም «ሎክ» ሲሆን፦ አንዱን ጎማ ወደ ፊት ሲያዞሩ ሌላኛው በተቃራኒው ወደ ኋላ ይዞራል። ይህን ካዩ ሁለቱም ሃቦች ይዘዋል።

አንዱ «ሎክ» አንዱ «ፍሪ» ሲሆን፦ የተቆለፈው ጎማ ሲዞር ሌላኛው ጸጥ ይላል። ይህን ሆን ብለው ይሞክሩት። አንዱን ጎን መቆለፍ የረሳ ሰው ጭቃ ውስጥ ምን እንደሚደርስበት እዚሁ ያዩታል፤ ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ነጻው ዘንግ ይልከዋል፣ የፊቱ አክስል ጨርሶ አይጎትትም።

መኪናውን አውርደው ደልዳላ መንገድ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዱና ሞዞውን በእጅ ጀርባ ይንኩ። ለብ ማለቱ ደህና ነው። ይህን ሙከራ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው አያድርጉት። ከደሴ ኮምቦልቻ እስኪደርሱ መኪናው 600 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ እዚያ ታች የሚያቃጥለው የፍሬኑ ሙቀት ነውና በሃቡ አይፍረዱ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ስድስቱን ዳዶዎች እንደገና ይፈትሹ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*ማዞሪያው አልዞር ካለ፦* ፒንሳ አያምጡ። መኪናውን ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አንቀሳቅሰው በእጅ ይሞክሩ፤ ጥርስ ከጥርስ ጋር ተፋጥጦ ሊሆን ይችላል። ማለዳ ብቻ ከሆነና ፀሐይ ሲሞቅ የሚተው ከሆነ ግሪስ በዝቷል፤ ክዳኑን ከፍተው ይጥረጉ።

*በአራት ጎማ ሲነዱ ከፊት «ቀጭ ቀጭ» ካለ፦* ወዲያውኑ ያቁሙ። ጥርሱ በግማሽ ብቻ ይዟል፤ በዚያ ላይ ዳገት ከወጡ የሃቡ ጥርስ ይረግፋል። መሪ ሲታጠፍ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን ችግሩ ያለው በዘንጉ መጋጠሚያ ነው።

*በቸርኬው ላይ የግሪስ ጨረር ከታየ፦* ጓርኒሲዮኑ አልተቀመጠም ወይም ግሪሱ በዝቷል። ክዳኑ ከሆነ ቀላል ነው። ከሃቡ አካል ሥር ከሆነ ዳዶዎቹን አስቀድመው ይፈትሹ።

*ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ፦* በክረምት ቦርከናን ወይም ሌላ ጅረት ሲሻገሩ የሞቀ ሞዞ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው አየር ሲኮማተር በላላ ጓርኒሲዮን በኩል ውኃ ይስባል። በማግሥቱ አንዱን ክዳን ከፍተው ይዩ። ወተት የመሰለ ግሪስ ካገኙ ሁለቱንም ያጽዱ።

አጠቃቀም

የሃቡን ማዞሪያ ሁልጊዜ መኪናው ቆሞ፣ ሁለቱንም ጎን፣ እስከ መጨረሻው ያዙሩ። ጭቃ ከገቡ በኋላ ተንበርክኮ ከመፈለግ ከአስፋልቱ ሲወጡ ቢቆልፉ ይሻላል፤ ሃቡ ተቆልፎ ትንሿ ማርሽ «ኤች ሁለት» ላይ እስከሆነች ድረስ አስፋልት ላይ መሄዱ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ያለው በደረቅ አስፋልት በ«ኤች አራት» መንዳት ላይ ነው። ሲመለሱ መጀመሪያ ማርሹን ወደ «ኤች ሁለት» ያውጡ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ይሂዱ፣ ከዚያ ሃቦቹን ይፍቱ። ወደ ኋላ መሄዱ በዘንጎቹ ላይ የተጠራቀመውን ውጥረት ያላላል።

በበጋ ወራት ሃቡ «ፍሪ» ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የፊት አክስሉ ዘይት ሳያገኝ ይከርማል። በወር አንድ ጊዜ ሁለቱንም ቆልፈው ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ይንዱ፤ ከደሴ ሐይቅ ደርሶ መመለስ ከበቂ በላይ ነው።